የ300 ሺህ ዶላር ቤት በ3,500 ዶላር፦ የፍሪስኮው ሻምበል ጉዳይ

ፍሪስኮ ከዳላስ በስተሰሜን ያለች የቴክሳስ ከተማ ናት። በ2009 እዚያ ቤት ያለው አንድ የጦር ሻምበል ኢራቅ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የናሽናል ጋርድ ወታደሮችን እየመራ የተሽከርካሪ ቅፍለት ያጅባል። መንገዱ ፈንጂ የሚቀበርበት ነው። ግዳጁ መሀል ላይ ሳለ ባለቤቱ እያለቀሰች ደወለችለት። ቤታቸው ተሸጧል።

የሸጠው ባንክ አይደለም። ቤቱ ምንም የባንክ ዕዳ አልነበረበትም። የሸጠው የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማህበር ነው፤ አሜሪካ ያለነው ሰዎች ኤችኦኤ የምንለው።

ያልተከፈለው መዋጮ 800 ዶላር ገደማ ነበር። ቤቱ 300 ሺህ ዶላር ገደማ ይገመት ነበር። በሐራጅ የወጣው በ3,500 ዶላር ነው። በሐራጁ ያሸነፈው ገዢ ደግሞ ለሌላ ሰው በ135 ሺህ ዶላር ሸጠው።

የቤተሰቡን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ነገሩ ያኔ በአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን በሰፊው ተወርቷል። ጉዳዩን ለመረዳት ግን ስማቸው አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን አንድ ጥያቄ ነው፦ ጎረቤት ያቋቋመው ማህበር ለ800 ዶላር ብሎ የሰው ቤት የሚሸጥበት ሥልጣን ከየት አገኘ? ታሪኩን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚለው "ይሄማ ሕገ ወጥ መሆን አለበት" ነው። አልነበረም። በዚያን ጊዜ የቴክሳስ ሕግ መሠረት አንድ ማህበር አባሉ መዋጮ ስላልከፈለ ቤቱን መሸጥ ይችል ነበር፤ ዳኛ ፊት መቅረብም አይጠበቅበትም። ሰውየው ወታደር ባይሆን ኖሮ የሚከራከርበት ነገር እጅግ ጥቂት ነበር።

ሳይከፈቱ የቀሩት ደብዳቤዎች

ሻምበሉ ሲዘምት ቤቱን የያዘችው ባለቤቱ ናት። ባሏ ጦር ሜዳ ነው። ጭንቀቱ በረታባት፣ ድብርት ያዛት። ፖስታ መክፈት አቆመች። ደብዳቤው እየመጣ ተቆለለ።

ይህን ሰምቶ "ታዲያ ጥፋቱ የእሷ ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ድብርት ያለበት ሰው በቤቱ የኖረ ያውቀዋል። መጀመሪያ የሚቀረው ምግብ ማብሰል አይደለም፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስም አይደለም። የሚቀረው ፖስታ ነው። ስልክ መመለስ ነው። ሰውን የሚያስፈራ ነገር ሁሉ ነው። ሕጉ ደግሞ ዋናውን የማስጠንቀቂያ ሥራ የጣለው እዚያው ፖስታ ላይ ነበር።

የዚያን ጊዜው አካሄድ እንዲህ ነው። መዋጮ ሲዘገይ ማህበሩ ደብዳቤ ይልካል። የማህበሩ ቦርድ አባላት ራሳቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ ያለ ደመወዝ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሒሳቡን የሚይዝላቸው አስተዳዳሪ ድርጅት ይቀጥራሉ። ድርጅቱ ዕዳው ሲቆይበት ለጠበቃ ያስተላልፈዋል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው እያንዳንዱ ደብዳቤ የራሱ ዋጋ አለው፤ የጠበቃው ሒሳብም በባለ ቤቱ ዕዳ ላይ ይደመራል። በመጨረሻ የሽያጭ ማስታወቂያ ይወጣል። በቴክሳስ ማስታወቂያው ከሽያጩ ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ ይለጠፋል፣ ለባለ ቤቱም በአደራ ፖስታ ይላካል። ሐራጁ በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ይካሄዳል። አለቀ።

ልብ በሉ፣ በዚህ ሁሉ መሀል በር የሚያንኳኳ ሰው ግዴታ አይደለም። ከቦርዱ አባላት አንዱ "እዚህ ቤት ማን አለ? ምን ሆነው ነው?" ብሎ እንዲጠይቅ የሚያስገድድ ነገር የለም። ነገሩ አንዴ ጠበቃ እጅ ከገባ ወረቀቱ በራሱ ይሄዳል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ማህበሩ የተቋቋመው በጎረቤትነት ስም ነው።

ሥልጣኑ የሚጀምረው ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ነው

ብዙ ሰው ኤችኦኤን የሚያስበው እንደ እድር ነው። ጎረቤት ይሰባሰባል፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ያዋጣል፣ የጋራ ነገር ይሠራል። መዋጮውን ያልከፈለ የእድር አባል ይቀጣል። ቢብስበት ይሰረዛል። እድሩ ግን ቤቱን አይሸጥበትም። ከኤችኦኤ ጋር ያለው ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ልዩነት ደግሞ የሚፈጠረው ማንም ጎረቤት ገና ሰፈሩ ሳይገባ ነው።

መሬቱን ገዝቶ ሰፈሩን የሚሠራው ኩባንያ አንድም ቤት ሳይሸጥ በፊት የሰፈሩን ደንብ ያዘጋጃል። የአጥር ከፍታ፣ የቀለም ዓይነት፣ የሣር ቁመት፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ከባድ አንቀጽ አለ፦ ባለ ቤቱ መዋጮ ካልከፈለ ማህበሩ በቤቱ ላይ የመያዣ መብት አለው፣ በዚህም መብት ቤቱን መሸጥ ይችላል። ኩባንያው ይህን ሰነድ በካውንቲው መዝገብ ያስመዘግባል። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ከመሬቱ ጋር ይሄዳል። ቤቱ አሥር ጊዜ ቢሸጥ አሥረኛው ገዢም ይታሰርበታል። ቢያነበውም፣ ባያነበውም።

በክሎዚንግ ቀን፣ ማለትም የቤቱ ግዢ በፊርማ በሚያልቅበት ቀን፣ ቁጭ ብሎ የፈረመ ሰው ያውቀዋል። የወረቀቱ ብዛት አያድርስ ነው። ፊርማ እዚህ፣ ፊርማ እዚያ። ቁልፍ ለመቀበል የቸኮለ ሰው በደንቡ መሀል የተጻፈውን የመያዣ አንቀጽ ያነበዋል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው።

እነዚህ ማህበራት በ1970 በመላው አሜሪካ 10 ሺህ ገደማ ነበሩ። ዛሬ ከ350 ሺህ በላይ ናቸው። በሥራቸው የሚኖረው ሕዝብ ከ70 ሚሊዮን ይበልጣል። ከተሞች ይወዷቸዋል፤ ምክንያቱም የሰፈሩን መናፈሻ፣ መዋኛ፣ አንዳንዴም መንገዱን ጭምር ነዋሪው በመዋጮው ይሸከማል። ከተማው ግን የንብረት ግብሩን እንደ ወትሮው ይሰበስባል። በብዙ አዳዲስ ሰፈሮች ኤችኦኤ የሌለበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ "ወዶ ነው የገባበት" የሚለው ክርክር እኔን ብዙም አያሳምነኝም።

ለማህበሩ ወገን የሚነገር እውነትም አለ። አንዱ ካልከፈለ ሌላው ጎረቤት ይከፍልለታል። መዋኛው መጽዳት አለበት፣ ኢንሹራንሱ መከፈል አለበት። ዕዳ የሚሰበሰብበት መንገድ ያስፈልጋል። ይህን ማንም አይክድም። ክርክሩ ለትንሽ ዕዳ ትልቁን መሣሪያ ስለመጠቀም ነው።

ሆስፒታል የማይችለውን ማህበሩ ይችላል

ቴክሳስ የሰውን መኖሪያ ቤት ከአበዳሪ በመጠበቅ የታወቀች ግዛት ናት። ሆምስቴድ የሚባለው ይህ ጥበቃ የተጀመረው በ1839 ነው፤ ቴክሳስ ገና ራሷን የቻለች አገር ሳለች። ዛሬም በሕገ መንግሥቷ ውስጥ አለ። አንድ የቴክሳስ ነዋሪ የ100 ሺህ ዶላር የሆስፒታል ዕዳ ቢኖርበት ሆስፒታሉ መኖሪያ ቤቱን አስሸጦ መውሰድ አይችልም። የክሬዲት ካርድ ድርጅትም አይችልም። ቤት የሚያሸጡት ተለይተው የተዘረዘሩ ዕዳዎች ናቸው፤ ለምሳሌ ቤቱ የተገዛበት ብድርና የንብረት ግብር።

ታዲያ የ800 ዶላር መዋጮ እንዴት ይህን አጥር ዘለለ? መልሱ ያለው በ1987 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ላይ ነው። ኢንዉድ ኖርዝ የሚባል የሂውስተን ሰፈር ማህበር መዋጮ ያልከፈሉ ባለ ቤቶችን ከሰሰ። ባለ ቤቶቹ ሆምስቴድ ይጠብቀናል አሉ። ፍርድ ቤቱ ግን ለማህበሩ ፈረደ። ምክንያቱ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። የመያዣ መብቱ የተመዘገበው ሰዎቹ ቤቱን ከመግዛታቸው በፊት ነው። ሆምስቴድ የሚሆነው ደግሞ ገዝተው ሲኖሩበት ነው። የቀደመው ያሸንፋል። ዳኞቹ ከቤት ዋጋ ጋር ሲተያይ ለትንሽ ገንዘብ ቤትን ማሸጥ ጨካኝ እርምጃ መሆኑን በውሳኔያቸው አምነዋል። ግን ውሉን ማስፈጸም አለብን አሉ።

የፍሪስኮው ቤት ከ20 ዓመት በኋላ የሄደው በዚህ በር ነው።

ዕዳ የሌለበት ቤት

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የእኛን ሰው የሚነካው ይህ ነጥብ ነውና።

እኛ ጋ ሞርጌጅ (ቤቱ የተገዛበትን የባንክ ብድር) ጨርሶ መክፈል ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ሥራ ተሠርቶ፣ ቤተሰብ ተረባርቦ፣ "አሁንስ ማንም አይነካኝም" የሚባልበት ቀን ይናፈቃል። በሐራጅ ገበያ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በቴክሳስ ብዙውን ጊዜ የማህበሩ መያዣ ቤቱ ከተገዛበት የባንክ ብድር በታች ነው የሚቆመው። ሞርጌጅ ያለበትን ቤት ከማህበሩ ሐራጅ የገዛ ሰው የባንኩን ዕዳ አብሮ ይሸከማል። 250 ሺህ ዶላር ዕዳ ያለበትን ቤት በ3,500 ዶላር ማግኘት ብዙም ትርፍ የለውም። የሻምበሉ ቤት ግን ንጹህ ነበር። ለገዢው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ከዕዳው በላይ የተገኘ ገንዘብ ቢኖር ለባለ ቤቱ ይመለስለት ነበር። ግን ሐራጁ የሚጀምረው ከዕዳው ነው፤ ተጫራቹም ትንሽ ነው። በ3,500 ዶላር የተሸጠ ቤት ለባለ ቤቱ የሚመልሰው ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም። የ300 ሺህ ዶላር ሀብት በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ከአንድ ቤተሰብ ወደማያውቁት ሰው ተዛወረ። ማህበሩ ራሱ እንኳ ያገኘው የራሱን መዋጮና የጠበቃ ወጪ ነው። ይህን ያህል ጥፋት ለማንም ይህን ያህል ጥቅም ሳይሰጥ ሲቀር ሕጉ አንድ ቦታ ላይ ተሳስቷል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያው ቀደም ብሎ ደርሶ ነበር

ቴክሳስ ይህን ስታይ የመጀመሪያ ጊዜዋ አልነበረም። በ2001 ሂውስተን አጠገብ ቻምፒየንስ በሚባል ሰፈር ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ከቤታቸው ተባረሩ። ዕዳቸው 814 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ቤታቸው 150 ሺህ ዶላር ገደማ ያወጣል፣ የባንክ ዕዳም የለበትም። የተሸጠው በ5,000 ዶላር ነው። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በኋላ ቤታቸው ተመለሰላቸው።

የቴክሳስ ምክር ቤት በዚያው ዓመት አዲስ ሕግ አወጣ። ሕጉ ሁለት ጠቃሚ ነገሮች ነበሩት። አንደኛ፣ ማህበሩ ለቅጣት ብቻ ብሎ ቤት መሸጥ አይችልም። ሣሩ ረዘመ ተብሎ የመጣ ቅጣት ቤት አያሸጥም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከሽያጩ በኋላ ባለ ቤቱ ዕዳውንና ወጪውን ከፍሎ ቤቱን የሚያስመልስበት 180 ቀን ይሰጠዋል። ቀኑ የሚቆጠረው ግን ማህበሩ የሽያጩን ማስታወቂያ በፖስታ ከላከበት ቀን ጀምሮ ነው። እንደገና ፖስታ! ዳኛ የሚለውን ነገር ሕጉ አላስገባም። የመዋጮ ዕዳ ያለ ፍርድ ቤት ቤት ማሸጡም ቀጠለ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ የፍሪስኮው ቤት ተሸጠ።

ሻምበሉ ቤቱን እንዴት አስመለሰ

ያዳነው የፌዴራል ሕግ ነው። አሜሪካ ግዳጅ ላይ ያሉ ወታደሮችን ከዕዳ ክስና ከንብረት ሽያጭ የሚጠብቅ ሕግ አላት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጦር ሜዳ ያለ ሰው እዚህ ቀርቦ ራሱን መከላከል አይችልም፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት ሳያውቀው ንብረቱ አይነካ። የሻምበሉ ጠበቆች በዚህ ሕግ ተደግፈው ከሰሱ። ታሪኩ በመላ አገሪቱ ተሰማ። በ2010 ተከራካሪዎቹ ተስማሙ፣ ቤተሰቡም ቤቱን መልሶ አገኘ።

ደስ ይላል። ግን ያው 800 ዶላር ያለበት ታክሲ ነጂ ቢሆንስ? የሆስፒታል ነርስ ብትሆንስ? ሻምበሉን ያዳነው ለወታደር የተሰጠ ሕግ ነው። የቴክሳስ ሕግ እንደ ቤት ባለቤትነቱ ቀድሞ አልጠበቀውም።

ከዚያ በኋላ የተቀየረው

በ2011 የቴክሳስ ምክር ቤት ነገሩን እንደገና አነሳው። በጥር 2012 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ማህበሩ ቤት ከመሸጡ በፊት የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ማግኘት አለበት። አሠራሩ የተፋጠነ ነው፣ ረጅም ክርክር አይደለም። ያም ሆኖ ወረቀቱን የሚያይ ዳኛ መኖሩ ትልቅ ለውጥ ነው። ዛሬ ለባለ ቤቱ የሚላከው ማስታወቂያ ወታደር ከሆነ በፌዴራል ሕግ የተለየ መብት ሊኖረው እንደሚችል መግለጽ አለበት።

ለተራው ነዋሪ ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ከጥቂት ቤቶች በላይ ያላቸው ማህበራት ዕዳ ላለበት ባለ ቤት የክፍያ ጊዜ እንዲሰጡ ይገደዳሉ፤ ቢያንስ ሦስት ወር። ሌላው የገንዘቡ ቅደም ተከተል ነው። ሰው 300 ዶላር ሲከፍል ገንዘቡ መጀመሪያ ለጠበቃና ለቅጣት ከዋለ ዋናው መዋጮ እንዳልተከፈለ ይቆያል። ቤት የሚያሸጠው ደግሞ እሱ ነው። አዲሱ ሕግ ክፍያው በቅድሚያ ወደ መዋጮው እንዲሄድ አዘዘ። ዕዳ ያለበት ሰው ይህን መብት በጽሑፍ ይጠይቅ። በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም።

በ2023 ደግሞ ማህበሩ የመያዣ መብቱን ከማስመዝገቡ በፊት ሁለት ማስታወቂያ እንዲልክ፣ ከሁለተኛው በኋላም 90 ቀን እንዲጠብቅ ተደረገ።

ኮሎራዶ በአንዳንድ ነገር ከቴክሳስ ቀድማ ሄዳለች። ኦሮራና ዴንቨር ያሉ ወገኖቻችን ይህን ይያዙት። በ2022 የወጣው ሕግ ማህበሩ የዕዳ ማስታወቂያን በአደራ ፖስታ እንዲልክ ያዛል። ለቅጣት ብቻ ቤት አይሸጥም። ባለ ቤቱ ዕዳውን በ18 ወር ከፋፍሎ መክፈል ይችላል፣ በወር ቢያንስ 25 ዶላር እስከሆነ ድረስ። ከሁሉም በላይ፣ ባለ ቤቱ የሚመርጠውን ቋንቋ ለማህበሩ ካሳወቀ ማስታወቂያው ከእንግሊዝኛ ሌላ በዚያ ቋንቋም ይላክለታል። አማርኛ ማለት ይቻላል። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናትና አባት ካሉ ይህን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ለማህበሩ መጻፍ ነው።

በቴክሳስ ግን አንድ ቀዳዳ አሁንም ክፍት ነው፤ የዕዳው መጠን። ካሊፎርኒያ ያልተከፈለው መዋጮ 1,800 ዶላር ካልደረሰ ወይም ከ12 ወር በላይ ካልቆየ በስተቀር ቤት እንዲሸጥ አትፈቅድም። ቴክሳስ እንዲህ ያለ ወለል አላስቀመጠችም። ዳኛው ትዕዛዝ እስከሰጠ ድረስ 800 ዶላር ዛሬም ቤት ሊያሸጥ ይችላል።

ምክር ቤቱ ያልዘጋውን ጎረቤት ሊዘጋው ይችላል። የ2011ዱ ማሻሻያ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ አንቀጽ አለው። ከጠቅላላው ድምፅ 67 በመቶ ከተገኘ ቤት የመሸጥ ሥልጣኑ ራሱ ከሰፈሩ ደንብ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ጉዳይ ልዩ ስብሰባ እንዲጠራ ደግሞ 10 በመቶ ድምፅ ያላቸው ባለቤቶች ጥያቄ ካቀረቡ ይበቃል። 200 ቤት ባለበት፣ ለአንድ ቤት አንድ ድምፅ በሚሰጥበት ሰፈር ይህ 20 ፊርማና 134 ድምፅ ነው። ማህበሩ መዋጮውን በክስ መሰብሰቡን ይቀጥላል። ቤት መሸጡ ብቻ ይቀራል።